የሃይሉክስን የኋላ ታምቡር ፍሬን ወደ ዲስክ መቀየር፦ ካሊፐሩ፣ የጭነት ቫልቩ፣ የእጅ ፍሬኑ

ከጎሐ_ጽዮን_ደጀን፦

ሰላም ለዚህ ቤት። መኪናው ሃይሉክስ ቪጎ ደብል ካቢን ነው፤ የ2011 ስሪት፣ 2.5 ናፍጣ፣ 4×4፣ ቸርኬው 16 ኢንች፣ ኤቢኤስ (ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከላከለው) የለውም። የኋላ ፍሬኑ ባለ ታምቡር ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ከ7 እስከ 9 ኩንታል ይጭናል። አባይ በረሃን ሲወርድ ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ግማሽ ሳይደርስ ፔዳሉ እየረዘመ ይሄዳል፤ ድልድዩ ጋ ሲቆም ደግሞ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸታል። ሲበርድ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የኋላውን ወደ ዲስክ ለመቀየር ታስቧል። ሶማሌ ተራ የፕራዶ 120 የኋላ ዲስክ ከነካሊፐሩ (ዲስኩን በሸራ ቆንጥጦ ከሚይዘው) እና ከነእጅ ፍሬን ሸራው አለ፤ እሱም እንደ ሃይሉክሱ ባለ ስድስት ቡሎን ነው። ማወቅ የምፈልገው፦ ቀጥታ ይገባል ወይ? ማስተሩስ (በፔዳሉ ተገፍቶ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚልከው) መቀየር አለበት? ዲፈረንሻሉ ላይ በዘንግ የታሰረውን የጭነት ቫልቭ አንዱ መካኒክ «አውጥተህ ጣለው» ይላል፣ ሌላው «እንዳትነካው» ይላል። የእጅ ፍሬኑስ ምን ይሁን?

ቁልቁለት_በሁለተኛ፦

ዲስኩን ከመግዛትህ በፊት ፔዳሉ እንዴት እንደሚረዝም ለይተህ ተናገር። ሦስት ዓይነት የፍሬን መድከም አለ፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ፔዳሉ ወረድ ብሎ ግን ታች ላይ ጠንክሮ ከያዘ፣ ታምቡሩ በሙቀት ሰፍቶ ነው። 295 ሚሊ ሜትር የሆነ ታምቡር ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሲጨምር ዲያሜትሩ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ሸራው ያንን ክፍተት ለመሙላት ተጨማሪ መንገድ ይሄዳል፣ የሚከፍለው ፔዳሉ ነው። ይህን ዲስክ በእርግጥ ይፈታዋል፤ ዲስክ ሲሞቅ ይወፍራል፣ ወደ ሸራው ይጠጋል እንጂ አይሸሽም።

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ፣ ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ዝቅተኛው የመፍያ ነጥቡ 205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ሁለት ክረምት ያሳለፈ ዘይት አዲሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይደርስም። ዲስክ ይህን አይፈውስም፤ እንዲያውም የካሊፐሩ ፒስተን ከሸራው ጀርባ ተለጥፎ ስለሚቀመጥ ሙቀቱን ለዘይቱ ከዊል ሲሊንደር (ታምቡር ውስጥ ሸራውን ከሚገፋው) ይበልጥ ያቀብላል።

ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደርቆ መኪናው እምቢ ካለ ሸራው ራሱ ነው የደከመው።

አሁን ሒሳቡን እይ። ጭነቱን ጨምሮ 2,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ 27 ሚሊዮን ጁል ይለቃል፤ የአባይ ቁልቁለት ደግሞ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። የአራቱ ጎማ ዲስክና ታምቡር ተደምሮ 40 ኪሎ ብረት ቢሆን፣ ያ ሁሉ ሙቀት ምንም ሳይበርድ ቢጠራቀምበት ወደ 1,500 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ጉልበቱን የሚበላው ሞተሩና ማርሹ መሆን አለበት፣ ፍሬኑ ለማረሚያ ብቻ ነው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ ተጭኖ ከሆነ ሁለተኛ፣ ጠምዛዛው ላይ አንደኛም ቢሆን አታፍር። ፔዳሉን ያለማቋረጥ ለስለስ አድርጎ ይዞ መውረድ ነው ሸራ የሚያቃጥለው፤ ጠንከር ብለህ ለአጭር ጊዜ ያዝ፣ ልቀቅ፣ እንዲተነፍስ ተወው።

ከዚያ ታምቡሩን አውጣ። የማይወጣልህ ከሆነ በመዶሻ አትደብድበው፤ ፊቱ ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን አስገብተህ እኩል እኩል ስታጠብቅ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። የምታየው፦ ታምቡሩ ውስጥ የተጻፈው ከፍተኛ መጠን፣ ሸራው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች መሳሳቱ፣ ዊል ሲሊንደሩ ላብ ማላቡ፣ ከሁሉም በላይ ግን ክፍተቱን በራሱ የሚያስተካክለው ባለ ጥርስ ብሎን። አቧራና ጭቃ ገብቶበት ከደረቀ አይዞርም፤ ሸራው በበላ ቁጥር ፔዳሉ ይረዝማል። ፈትቶ በብሩሽ ማጽዳትና ግሪስ መቀባት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ «ዲስክ አስገባ» የሚባለው መኪና የሚፈልገው ይህንን ብቻ ነው።

ቶርኖ_ቤት፦

ከላይ የተባለውን ሳትጨርስ ወደዚህ አትምጣ። ጨርሰህ አሁንም ዲስክ ካልክ ይቻላል፤ ግን «ቀጥታ ይገባል» የሚልህን አትመን። ቡሎኑ 6×139.7 ስለሆነ ዲስኩ ፍላንጁ ላይ ይቀመጥልሃል፣ የሚገባው ግን ዲስኩ ብቻ ነው። ካሊፐሩ የሚታሰርበት ቦታ የለም።

መጀመሪያ የታምቡሩን የጀርባ ላሜራ ተመልከት። በቪጎ ኋላ ላሜራው የሚቀመጠው በኩሽኔታው ቤትና በአክስሉ ቱቦ ፍላንጅ መካከል ነው፤ ከኩሽኔታው ቤት የሚወጡ አራት ቡሎኖች አልፈውት ከውስጥ በኩል በዳዶ ይታሰራሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ላሜራውን ያወጣና በእሱ ቦታ 10 ሚሊ ሜትር የካሊፐር መያዣ ይከታል። ላሜራው በግምት 3 ሚሊ ሜትር ከነበረ ሻፍቱ 7 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጣ ማለት ነው። የዘይት ሲሉ ከሚነካው ቦታ ይሸሻል፣ ሻፍቱ ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚይዘው ጥርስ ያጥራል። ከጥቂት ቀን በኋላ የዲፈረንሻል ዘይት ዲስኩ ላይ ይወርዳል።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። የድሮውን ላሜራ ውፍረት በካሊበር (በመለኪያው) ለካ፤ ልክ በዚያው ውፍረት ቀለበት አስቆርጥና በቦታው ይግባ። የካሊፐሩን መያዣ ከፍላንጁ ውስጠኛ ጎን፣ ከዳዶው በታች አስቀምጠው። ያኔ ቡሎኖቹ ያጥራሉ፤ ረዘም ያሉ 10.9 የተጻፈባቸው ይገባሉ፣ ዳዶው ሙሉ በሙሉ ተይዞ ሁለት ጥርስ መትረፍ አለበት። ተራ የጥርስ ብረት ቆርጠህ በብየዳ እንዳትቀጥል።

ሻፍቱን ስታወጣ ኩሽኔታው በፕሬስ የገባ ነው። ላሜራውን ለማውጣት ኩሽኔታውና መያዣ ቀለበቱ መነቀል አለባቸው። የተነቀለ ቀለበት ተመልሶ አይገባም፣ አዲስ ግዛ፤ ኩሽኔታውንና ሁለቱን የዘይት ሲልም አብረህ ቀይር። በመሮና በመዶሻ የሚነቅል ሰው ካየህ ሻፍትህን ይዘህ ውጣ፤ መሮ የነካው ሻፍት ላይ ሲል አይይዝም።

መያዣው ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ይሁን፣ ቀዳዳዎቹ በሚሊንግ ወይም በቦሪንግ የተበሱ እንጂ በጋዝ የተቆረጡ አይሁኑ። በጋዝ የተቆረጠ ጠርዝ ይደርቅና ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል። ይህ ብረት የሚሸከመው ቀላል አይደለም፤ አንድ ጎማ 1,000 ኒውተን ሜትር ሲይዝ ካሊፐሩን ለማሽከርከር የሚገፋው ኃይል ከ750 ኪሎ በላይ ነው፣ ያውም በየረገጥከው ቁጥር። መጀመሪያ ከ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ቅርጹን ቆርጠህ ሞክር፣ ከዚያ ብረቱን አስቆርጥ።

ሲገጠም እነዚህን በእጅህ አረጋግጥ። ካሊፐሩ ዲስኩን እኩል መሃል ይዞት መቆም አለበት፤ ዘንበል ካለ ሸራው በሽብልቅ ቅርጽ ይበላል። የባሌስትራውን ማሰሪያና አሞርትዘሩን አይንካ። 16 ኢንች ቸርኬ ከፕራዶው 312 ሚሊ ሜትር ዲስክ ጋር የጠበቀ ነው፤ ቸርኬውን አስረህ በእጅ ሙሉ አዙረው፣ ከካሊፐሩ ጋር ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ከቸርኬው ጀርባ የተለጠፈ የባላንስ እርሳስም ካሊፐሩን ይላጫል። የዲስኩ መሃል ቀዳዳ ከፍላንጁ እምብርት የሰፋ ከሆነ የመሃል ቀለበት አሠራ፤ ቡሎን ብቻ ዲስክን መሃል አያስይዝም። ከዚያ ዲያል ጌጅ (መወዛወዝ የሚለካ ባለ ሰዓት መለኪያ) ከጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ገባ አድርገህ አዙር፤ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ከተወዛወዘ ፍላንጁ ላይ ዝገት አለ ወይም ዲስኩ ጠማማ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የተበላ ኩሽኔታ ታምቡር ላይ አይታወቅም። ዲስክ ላይ ግን ሻፍቱ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ኩርባ አልፈህ ስትረግጥ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ይሆናል፣ ሁለተኛው ይይዛል። ሰው አየር አለበት ብሎ ሲያስወጣ ይውላል።

ጥቁር_ጎማ፦

ይህን ያህል ማብዛት ለምን አስፈለገ? የፊት ካሊፐር ኋላ ቢገባ ያበቃል። ፒስተኑ ትልቅ ነው፣ ይይዛል፤ መርካቶም ሞልቷል።

ቶርኖ_ቤት፦

መያዙንማ ይይዛል፣ ችግሩ እሱ ነው። ቁጥሩን አብረን እንሥራው።

ታምቡሩ ላይ ያለው ዊል ሲሊንደር 22.2 ሚሊ ሜትር ነው እንበል፤ የአንተን ፈትተህ ለካ። በ70 ባር ግፊት ፒስተኑ 2,700 ኒውተን ይገፋል። ታምቡር ግን ራሱን ይረዳል፤ ከሁለቱ ሸራዎች በዙሪያው አቅጣጫ ያለውን ታምቡሩ ራሱ ጎትቶ ያጣብቀዋል። በዚህ ዓይነቱ ታምቡር የተገፋው ኃይል 2.2 ጊዜ ያህል ሆኖ ዙሪያው ላይ ይወጣል። በ0.1475 ሜትር ራዲየስ ስታባዛው 880 ኒውተን ሜትር ገደማ።

ዲስክ ይህ ረዳት የለውም። 312 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላይ ሸራው የሚይዝበት ራዲየስ 0.13 ሜትር ያህል ነው፣ የሸራውን ፍትጊያ 0.38 ውሰድ፣ ሁለት ፊት አለው። በዚያው በ70 ባር፦ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ፒስተን 870 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፣ ማለትም ከታምቡሩ ጋር እኩል። ባለ 43 ወደ 1,000። ባለ 54 ደግሞ 1,580፤ ከፋብሪካው በ80 ከመቶ የሚበልጥ። ባዶ ፒክአፕ ኋላው ቀላል ነው፣ ዝናብ ላይ ስትረግጥ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆልፋሉ፣ የቆለፈ የኋላ ጎማ ደግሞ ወደ ጎን መያዝ አይችልም። መኪናው ይሽከረከራል። የፊቱ ቀድሞ ቢቆልፍ መሪው እምቢ ይላል እንጂ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ የፊቱ ሁልጊዜ መቅደም አለበት።

የማስተሩ ጥያቄም መልሱ እዚሁ ውስጥ ነው። ሸራው ከካሊፐሩ መለጠጥ ጋር 0.3 ሚሊ ሜትር ይሄዳል ብንል፣ ባለ 43 ፒስተን ሁለቱ ጎማ ተደምሮ 0.9 ሲሲ ዘይት ይበቃቸዋል። ታምቡሩ አራት ትንንሽ ፒስተን አለው፤ እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሜትር ቢሄድ 1.5 ሲሲ ይፈጃል። ስለዚህ ልኩን የጠበቀ ካሊፐር ከገባ የፋብሪካው ማስተር ይበቃል። ባለ 63 ወይም 64 ፒስተን የፊት ካሊፐር ከከተትክ ግን 1.9 ሲሲ ይፈልጋል፣ ፔዳሉ ይረዝማል፣ ያኔ «ማስተሩን አሳድግ» ትባላለህ። ከ7/8 ወደ 1 ኢንች ብታሳድገው የፔዳሉ መንገድ በሩብ ያጥራል፣ የእግርህ ጫና ግን በ30 ከመቶ ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ይብሳል፦ በ2,300 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል በሩብ ያነሰ ስለሆነ እግርህን የሚረዳው ቫኪዩም ሰርቮ የሚያግዘውም በዚያው ልክ ያንሳል። የአንዱን ስህተት በሌላ ስህተት ማረም ይሆናል።

ስለዚህ ካሊፐር ስትገዛ ካሊበር ይዘህ ሂድ፣ ፒስተኑን ገፍተህ አውጥተህ ለካ። «የፕራዶ ነው» ማለት ብቻውን ልኬት አይደለም። ባለ ሁለት ፒስተን ከሆነና ሁለቱም በአንድ ጎን ከሆኑ ዲያሜትራቸውን ሳይሆን የፊታቸውን ስፋት ደምር።

ባለ_ዘንጉ_ቫልቭ፦

ቫልቩን «አውጥተህ ጣለው» ያለህ መካኒክ ባዶ መኪና ብቻ የሚነዳ መሆን አለበት።

ኤልኤስፒቪ የሚባለው የጭነት ቫልቭ ሥራው ይህ ነው፦ ጭነት ሲኖር ባሌስትራው ይጎብጣል፣ ሻሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፣ ዘንጉ ቫልቩን ይጫነዋል፣ ለኋላ ብዙ ግፊት ያልፋል። ባዶ ሲሆን ይቆርጠዋል። 9 ኩንታል ጭኖ ሄዶ ባዶ የሚመለስ መኪና በጣም የሚፈልገው ዕቃ ነው። በእሱ ምትክ የሚሸጠው በእጅ የሚዞር ቫልቭ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይቆማል፤ ለባዶ ካስተካከልከው ሲጫን ኋላው አይሠራም፣ ለጭነት ካስተካከልከው ባዶውን ይቆልፋል። ሁለቱን በአንድ መስመር ማስገባትማ ጨርሶ አይታሰብም፤ የት ላይ ማን ግፊቱን እንደቆረጠ ማንም አያውቅም።

ዘንጉ መንቀሳቀሱን ፈትሽ። በጭቃ ተጋግሮ የተጣበቀ ብዙ ነው። ባሌስትራ ተጨምሮበት ኋላው ከፍ ያለ መኪና ከሆነ ደግሞ ቫልቩ ጭነት እያለም «ባዶ ነው» ብሎ ያስባል፤ የዘንጉን መያዣ በተነሳበት መጠን ከአክስሉ ከፍ አድርገው። እንዲያውም የሸተተህ የፊት ሸራ ከሆነ በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፦ ኋላው ድርሻውን ስላልሠራ ፊቱ ብቻውን ይሸከማል። የሸተተው የየትኛው ጎማ ሸራ እንደሆነ አልነገርከንም።

ለቆዩ ፒክአፖች አንድ ማስታወሻ፦ አንዳንድ የድሮ ማስተር ለታምቡር ተብሎ በመስመሩ ውስጥ 0.7 ባር ያህል ግፊት የሚያስቀር ትንሽ ቫልቭ አለው። ዲስክ ላይ ያ ግፊት ሸራውን ሁልጊዜ አጣብቆ ይይዘዋል፣ ዲስኩ ሳይረገጥ ይጋላል። ለማወቅ ፔዳሉን ረግጠህ ልቀቅ፣ ትንሽ ቆይተህ የኋላውን የአየር ማስወጫ ኒፕል ክፈት፤ ዘይቱ ፊጭ ብሎ ከወጣ ቫልቩ አለ፣ መውጣት አለበት።

የእጅ ፍሬኑን በተመለከተ ያገኘኸው ዕቃ ጥሩ ነው፤ የፕራዶው ዲስክ በእምብርቱ ውስጥ ትንሽ ታምቡር አለው፣ የእጅ ፍሬን ሸራው እዚያ ውስጥ ነው የሚሠራው። ግን ያ ሸራ የሚቀመጥበት የራሱ የጀርባ ላሜራ አለው፤ ዲስክና ካሊፐር ብቻ ገዝተህ ላሜራውን፣ ምሰሶውን፣ ስፕሪንጎቹንና የሚገፋውን ማንሻ ካላመጣህ እጅ ፍሬን የለህም። ሙሉውን ግዛ። ገመዱ የሃይሉክሱ አይደርስም ወይም ጫፉ አይገጥምም፤ ሽፋኑ የሚያርፍበትን ቦታና ጫፉን ለክተህ ገመድ አሠራ፣ በሽቦ አትቀጥል። ስታስተካክል በቀዳዳው በኩል ባለ ጥርሱን ብሎን በካቻቢቴ አዙር፤ ዲስኩ እስኪቆልፍ ድረስ፣ ከዚያ 8 ጥርስ መልሰው። ገመዱን የምታጠብቀው ከዚህ በኋላ ነው። ገመዱን ቀድመህ ካጠበቅህ ሸራው ውስጥ ለውስጥ እየተፋተገ ያልቃል።

መስመሩ ላይ ቧንቧ የምትዘጋ ቫልቭ አስገብቶ «ይኸው እጅ ፍሬን» የሚል ካጋጠመህ እሺ አትበል። ዘይቱ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሌሊት መኪናው ብቻውን ይሄዳል።

ከጎሐ_ጽዮን_ደጀን፦

እግዜር ይስጥልኝ። ፔዳሉ ረዝሞ ታች ግን ይጠነክራል፣ አይለሰልስም። የሸተተው የፊቱ ነው። ኋላው ላይ አንድ ባሌስትራ ተጨምሮበታል፣ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል፤ ዘንጉ ግን አልተነካም። ጋሼ ቶርኖ ቤት፣ ካላስቸገርኩዎት አየር አወጣጡንና አሞካከሩን ቢነግሩኝ? የኋላው የጎማ ፍሬን ቱቦ ላይም ጥርጣሬ አለኝ።

ቁልቁለት_በሁለተኛ፦

በል እንግዲህ ተገኘ። ዘንጉን በ4 ሳንቲ ሜትር አስነሳ፣ የታምቡሩን ባለ ጥርስ ብሎን አጽዳ፣ ዘይቱን በሙሉ በዶት 4 ቀይር፣ ከዚያ አንድ ጊዜ አባይን ውረድ። ዲስኩን ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ቶርኖ_ቤት፦

አላስቸገርከኝም። የቁልቁለት_በሁለተኛ ምክር ቀድሞ ይሠራ፤ እኔም የምለው እሱን ነው። ለሚቀጥለው ግን ይኸውልህ።

ቱቦው፦ ሻሲውን በክሪክ አንሳና አክስሉ እስከ መጨረሻው ይንጠልጠል። ቱቦው በዚያ ቦታ መወጠር የለበትም፤ ሲጫን ደግሞ አሞርትዘሩን ወይም ጎማውን አይንካ። የብረት ቧንቧው ጫፍ ድርብ እጥፍ ይሁን፣ ዳዶው የ10 ቁልፍ ነው፣ በተራ ቁልፍ ማዕዘኑን ትበላዋለህ፤ ቧንቧውን አቅፎ የሚይዘውን ተጠቀም። 15 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ቱቦው ካሊፐሩ ላይ የሚታሰርበት ቀዳዳ ያለው ቡሎን ከላይና ከታች አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ይፈልጋል። ተራ የመዳብ ቧንቧ አታስገባ፣ በመንቀጥቀጥ ይሰነጠቃል።

አየር ማስወጣት፦ በመጀመሪያ ካሊፐሮቹን እይ። የአየር ማስወጫ ኒፕሉ ከላይ መሆን አለበት። የቀኙ ግራ፣ የግራው ቀኝ ከተገጠመ ኒፕሉ ታች ይሆናል፣ አየሩ ከላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ብትረግጥ አይወጣም። ግራ መሪ መኪና ላይ ማስተሩ በግራ ስለሆነ ከቀኝ ኋላ ጀምር፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። የጭነት ቫልቩ የራሱ ኒፕል ካለው እሱን መጨረሻ ላይ ክፈተው፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ አታስወጣ፣ ቫልቩ ስለሚቆርጥ ኋላ ዘይት በደንብ አይደርስም። መኪናው በጎማው ይቁም ወይም አክስሉን ደግፈው።

ጎማውን ከማሰርህ በፊት የቸርኬውን ቡሎን ተመልከት። የዲስኩ ፊት ከታምቡሩ ከወፈረ ቡሎኑ ያጥራል፤ ዳዶው ቢያንስ 8 ዙር መያዝ አለበት።

ሸራ ማስያዝ፦ ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በመጠኑ ረግጠህ አውርድ፣ ሳትቆም እንደገና ፍጥነት ጨምር፣ ግማሽ ደቂቃ ይንፈስ፤ እንዲህ 10 ጊዜ። ጨርሰህ ሳትረግጥ 10 ደቂቃ ንዳ። ሲግል አቁመህ ፔዳሉን ይዘህ አትቀመጥ፣ ሸራው ዲስኩ ላይ ይታተማል።

ሙከራው፦ ባዶ መንገድ፣ ደረቅ አስፋልት፣ ባዶ መኪና። ከ40 ኪሎ ሜትር በኃይል ርገጥ፣ ሌላ ሰው ከጎን ቆሞ በስልክ ይቅረጽ። የኋላው ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ከቆለፈ እዚያው አቁም፤ ካሊፐሩ ትልቅ ነው ወይም ዘንጉ ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል። ከዚያ እርጥብ መንገድ ላይ ድገመው፣ ከዚያ ጭነህ። የሙቀት መለኪያ ካለህ 5 ኪሎ ሜትር ሳትረግጥ ነድተህ አራቱንም ለካ፤ ከኋላው አንዱ ጎን ከሌላው ከ30 ዲግሪ በላይ ከበለጠ እሱ ሳይረገጥ እየያዘ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒን ነው፤ አሮጌ ግሪስ ደርቆበት። ፒኑን አውጥተህ በፍሬን ማጽጃ እጠበው፣ የፍሬን ግሪስ ቀባው፤ የኩሽኔታ ግሪስ የፒኑን የጎማ ሽፋን ያሳብጠዋል።

የፍሬን መፈተሻ ሮለር ያለው የቦሎ ምርመራ ጣቢያ ካለም መኪናውን አስገባ። የኋላ ቀኝና ግራ ቁጥር ላይ ብቻ አትይ፤ የእጅ ፍሬኑንም ለብቻው አስለካ።

ባለ_ዘንጉ_ቫልቭ፦

አንድ የቀረ። ኤቢኤስ ያለው ቪጎ ለሚያነብ፦ ሻፍቱ ላይ ባለ ጥርስ ቀለበት አለ፣ ኩሽኔታው በፕሬስ ሲነቀል በቀላሉ ይጎብጣል። አንድ ጥርሱ ከጠመመ መብራቱ ይበራል፣ ወይም ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ኤቢኤሱ ያለምክንያት ይንቀጠቀጣል። አዲስ ቀለበት አብረህ አዘጋጅ፣ ሴንሰሩን ደግሞ ሻፍቱ ከመሳቡ በፊት ፍታው።

ከጎሐ_ጽዮን_ደጀን፦

ዘንጉን ዛሬ አይቼዋለሁ፤ ማጠፊያው ላይ ዝጎ ተጣብቋል፣ በእጅ አይንቀሳቀስም። ቫልቩ ራሱ ይቀየር ወይስ ዘንጉን ብቻ ማላቀቅ ይበቃል?

ባለ_ዘንጉ_ቫልቭ፦

ዘንጉን ፈትተህ ማጠፊያውን አላቅቅ፣ ጎሚኒውን ቀይር። ከዚያ የቫልቩን የጎማ ሽፋን ገልጠህ እይ። ውስጡ ደረቅ ከሆነ ቫልቩ ደህና ነው፣ ዘንጉን ብቻ አስተካክል። የፍሬን ዘይት ካረጠበው ውስጡ ያለው ጎሚኒ አልቋል፣ ሙሉ ቫልቩን ቀይር። ወደ አክስሉ ጎማ ቱቦ የሚሄደውን ዳዶ ስትፈታ ቧንቧው አብሮ እንዳይጠመዘዝ ከአንድ ቀን በፊት የዝገት ማላቀቂያ ንፋበት።